የሦስት ቀን ፈቃድ

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ጀምሮ ስለነበር ሰዓቱ ከእናትየው አእምሮ አልጠፋም። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነበር። ከሆስፒታል ወደ ቤት ብቅ ያለችው የልጅቷን የሌሊት ልብሶችና የትራስ ጨርቅ ልታጥብ፣ እሷም ገላዋ ላይ ውሃ ልታፈስ፣ ከዚያ ነጩን ካልሲ ይዛ ልትመለስ ነው። ካልሲውን ያዘዘችው አለቃ ናት። አለቃ ማለት የስድስት ዓመት ልጇ ናት፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች አባቷ ያወጣላት ስም ነው፣ አሁን ነርሶቹም በዚሁ ይጠሯታል። ደሟ ውስጥ የገባው ካንሰር ፀጉሯንና ጉንጯን ወሰደ እንጂ ትዕዛዟን አልነካባትም። ጠዋት አባቷ ክንድ ላይ ተጋድማ፣ «ነጩን ካልሲ አምጪ። ቀዩን እንዳታመጪ፣ ያሳክከኛል። ደግሞ እንዳትቆዪ» ብላ ነበር የሸኘቻት።

በሩ ሲንኳኳ ጎረቤት መስሏት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተች። ከግቢው ውጭ ባሏ የሚሠራበት የፍራሽ ፋብሪካ ሰርቪስ ቆሟል። ደጃፉ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። የስፌት ክፍሏን ትልቅ ሴትዮና የሰርቪሱን ሾፌር ታውቃቸዋለች፤ ሦስተኛው፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ኮፍያውን ደረቱ ላይ የያዘው ሰውዬ፣ አይታው የማታውቀው ነው። ሴትዮዋ ጥቁር ሻሽ አስራለች። እንደምን አደርሽ ሳትል በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻትና ጆሮዋ ሥር ጮኸች። «ወይኔ የኔ እናት! ወይኔ ያቺ አለቃ! ምን አድርገናት ነው ጥላን የሄደች?»

እናትየው ክው አለች። አረፋው ከክርኗ ሲንጠባጠብ ይሰማታል፣ ሬዲዮው ነገ ደመና እንደሚበዛ ይናገራል፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቀጥ ብሏል። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጓዳ ቻርጅ ላይ ነው። ደውለው አጥተዋት ይሆናል። ባሏ ሲጨንቀው ለፋብሪካው ደውሎ፣ እነሱ ቀድመው ሰምተው ሊያረዷት መጥተው ይሆናል። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሆናትም እኮ ከወጣች! እሷ እዚህ አረፋ ስትንጥ ነው ማለት ነው። ጠዋት ግንባሯን ስማት ነበር ወይስ ረስታዋለች? እሱን ለማስታወስ ታገለች። ከዚያ ከአፏ የወጣውን ጩኸት እሷም የሌላ ሰው ጩኸት ይመስል ነው የሰማችው። ሾፌሩ ባይደግፋት ኖሮ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ነበር የምትወድቀው። የጎረቤቷ ሴት በአጥሩ በላይ ብቅ ስትል የባሏ ታላቅ እህት ከጓዳ፣ ድንች ስትልጥበት የነበረውን ቢላ እንደያዘች ወጥታ፣ «የኩላሊት ጠጠሯ ተነስቶባት ነው፣ ምንም አይደለም፣ ግቢ አንቺ» ብላ መለሰቻት። የዚህ አነጋገር ነገር እናትየው ውስጥ የሆነ ቦታ ገብቶ ተቀመጠ፤ ለጊዜው ግን ምን እንደሆነ አልገባትም።

ሶፋው ላይ አስቀመጧት። ሴትዮዋ አጠገቧ ሆና ጀርባዋን እያሻሸች፣ እያለቀሰችም እያወራችም ነበር። «ሰኞ ዕለት ስንሰማ ማሽኑ ሁሉ ነው የቆመው። እንዲያው ቀብሩ ላይ እንኳ ሳንደርስ! ሚሊሜትር ግን ምን ነካው? ልጅ እንዲህ በድብቅ ይቀበራል? ጠዋት ሞታ ከሰዓት ተቀበረች ሲሉን ጆሯችንን ማመን አቃተን። ትናንት ልንመጣ ሰርቪስ አጣን።» ሚሊሜትር ባሏ ነው። ስፖንጅ ቆራጭ ነው፤ ሜትሩ ከኪሱ፣ እርሳሱ ከጆሮው ተለይቶ አያውቅም፤ አንድ ሚሊሜትር ሲያጭበረብር ስላልታየ ነው እንዲህ የሚሉት።

ሰኞ። እናትየው ቀና አለች። ሰኞ ማታ አለቃ ድንች ቀቅለው አምጥተውላት ጨው የለውም ብላ መልሳለች። ማክሰኞ ከጎን አልጋ ልጅ ጋር በአሻንጉሊት ተጣልታ ነርሷ ሁለቱንም ተቆጥታቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ካልሲ አዛለች። ሰኞ ሞታ፣ ሰኞ ተቀብራ፣ ረቡዕ ካልሲ አታዝም። ልጇ አልሞተችም። ይህ ነገር ከእግሯ ጥፍር ተነስቶ እስከ አናቷ እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ። ሳቀች። እንባዋ በአፍንጫዋም በአፏም እየገባ፣ ሆዷን ይዛ፣ እየተንሰቀሰቀች ሳቀች። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አብሽሪ ልጄ፣ እንዲህ ያደርጋል፣ እኔም የመጀመሪያ ልጄን የቀበርኩ ጊዜ እንዲሁ አድርጎኛል» አለች ሴትዮዋ፣ ደረቷ ላይ እየለጠፈቻት።

ያን ጊዜ ነው የባሏ እህት ትከሻዋን የያዘቻት። የያዘቻት እንደሚያጽናና ሰው አልነበረም፤ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እናትየው አየች፤ የባሏ እህት ዓይን ውስጥ ለቅሶም የለ፣ ድንጋጤም የለ። የነበረው «ዋ! ትንፍሽ ብትይ!» የሚል ነገር ነው። ቅድም በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» አላለችም። «ጠጠሯ ነው» ለማለት አልዘገየችም። ታውቃለች። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ድስት አጠገብ፣ ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። እናትየው ጓዳ ገብታ ውሃ ልጠጣ ብላ ስትነሳ ተከተለቻትና በሩን ገፋ አደረገችው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? ምንድን ነው የምሰማው?»

«ቀስ በይ። ሰውዬው ኃላፊው ነው። ሥራውን ያጣል።»

«ልጄን ሞተች አለ?»

«ፈቃድ ከለከሉት፤ ምን ያድርግ? ጊዜው አሁን አይደለም። ግቢና ተቀመጪ።»

«አላሟርትም እኔ! በልጄ አላሟርትም!»

«እሱ አሟርቷል፣ አንቺ ዝም በይ ብቻ» አለች የባሏ እህት፣ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታ እጇ ላይ እያስያዘቻት።

ሰኞ ማታ ባሏ ሆስፒታል ሲገባ «ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ» ብሏት ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ለጨነቀው ሰው ልብ ያለው ሰው ገጠመው ብላ የማታውቀውን ኃላፊ መርቃዋለች። ሦስቱ ቀን የሚያስፈልገው ለመርፌው ነው። አለቃ በየጊዜው ከጀርባ አጥንቷ መሃል መርፌ ይገባባታል፤ ያን ጊዜ እንደተኛ ሕፃን ጥቅልል ብላ፣ ጉልበቷን አገጯ ላይ አድርጋ፣ ንቅንቅ ሳትል መተኛት አለባት። መጀመሪያ የያዘቻት እናትየው ነበረች። የእናትየው እጅ ሲንቀጠቀጥ ልጅቷም ተንቀጠቀጠች፤ ሐኪሙ ደጋግሞ ወጋት፣ እናትየው በሦስተኛው ላይ ራሷን ሳተች። አባቷ ሲይዛት ግን እንደ ድንጋይ ነው። «አሁን ሁለት ሚሊ ገባ፣ አሁን ሦስት፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያለ በጆሮዋ ሲለካላት፣ እሷም አብራው ትለካለች፤ እስኪያልቅ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። የዛሬው መርፌ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናትየው ብርጭቆውን እንደያዘች ይህን አሰበችና ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቆይታ ስታስታውሰው በመስታወት ውስጥ ያየችው ይመስላት ነበር። የስፌት ክፍሏ ሴትዮ ስለ ፍራሹ ነገረቻት። ሚሊሜትር ለልጁ ብሎ በምሳ ሰዓቱ ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጦ ነበር፤ የሆስፒታሉ አልጋ አጥንቷን ስለሚቆረቁራት። ሴቶቹ ተባብረው ቢጫ ጨርቅ አልብሰው፣ ዳር ዳሩን በእጅ ሰፍተው ጨርሰውት ነበር። «ሰኞ ጠዋት ነው ያለቀው። ከሰዓት መርዶው መጣ። ዓይናችን ሊያየው አልቻለም። ሾፌሩን ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ስጥልን ብለን ላክነው።» ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለት ልጆች ወዲያው እንደተኙበትም ጨመረላት። እናትየው ያንን ፍራሽ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። ሌሊት ሌሊት ልጅቷ «ጎኔን» ስትል የራሷን ሹራብ አጣጥፋ ነው ሥሯ የምትከትላት። «ደግ አደረጋችሁ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

«በመጨረሻ ምን አለች?» ስትል ጠየቀች ሴትዮዋ። «አጠገቧ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።» ውሸት ልትፈልግ ሞከረች፤ ከየትም አልመጣላትም። «ነጩን ካልሲ አምጪ አለችኝ። ቀዩ ያሳክከኛል አለች። እንዳትቆዪ አለችኝ።»

ሴትዮዋ ራሷን ይዛ ኡኡ አለች። ሾፌሩም አልቻለም፤ ወደ ውጭ ወጣና በደጅ ሲናፈጥ ተሰማ። ከደጅ ሲመለስ ከሳፋው ላይ የተንጠለጠለውን ትንሽ የሌሊት ልብስ፣ ጥንቸል የተሳለበትን፣ ውሃው እንደሚንጠባጠብ ይዞት ገባና ለሴትዮዋ አሳያት። «አጠብሽው እንዴ?» አለች ሴትዮዋ ከእጁ ተቀብላ። «ምነው ልጄ፣ ምነው አጠብሽው? ሽታዋ እኮ ይሄዳል!» እርጥቡን ልብስ ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅስበት ጀመር። ማንም ሰው፣ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ የሆነ ልጅ ልብስ ዛሬ ለምን በሳሙና እንደሚታጠብ አልጠየቀም። ያዘነ ሰው ያሻውን ያደርጋል።

እስካሁን ዝም ብሎ የነበረው ኃላፊ ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ነበር የተቀመጠው። «እህቴ» አላት፣ «እኔን አታውቂኝም። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ሦስት ቀን ስጠኝ፣ ልጄን መርፌ ሊወጓት ነው፣ እኔ ካልያዝኳት አይሆንላትም አለኝ። የዓመት ፈቃዱን ጨርሷል። እናት የላትም ወይ? አልኩት። ፈቃድ ለሐዘን ነው እንጂ ለህመም የለም አልኩት። ምን ላድርግ፣ መመሪያው ነው፤ ለህመም ቢሆን ማን ቤት ነው በሽተኛ የሌለው?» ኮፍያውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው። እንባው ሳይጠርገው ወረደ። «እኔም ሴት ልጆች አሉኝ። በሕይወቷ ከልክዬው በሞቷ ሰጠሁት። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እሱን ማየት ስላፈርኩ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። ይቅር በይኝ።»

ሰውዬው የእውነቱን ነው፤ ያስታውቃል። አሁን ብትነግረው፣ «ልጄ አለች፣ ዛሬ ከሰዓት ነው የምትወጋው፣ ና አይተሃት ሂድ» ብትለው፣ ምናልባት ከሶፋው ተነስቶ ያቅፋት ይሆናል። እግዜር ያመጣው ቀን ይሆናል። አፏን ከፈተች። «ልጄ እኮ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ኃላፊው። «የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? ሚሊሜትር የማይዋሽ ሰው ነው። የሌላው ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ስንቱ ነው የሚዋሸኝ! ባለፈው ወር አንዱ አጎቴ ሞተ ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ሟቹን ገበያ አገኘሁት፣ ቲማቲም ሲመርጥ! በማግስቱ አሰናበትኩት፤ አልቅሶም አልማርኩት። በሞት የሚቀልድ ሰው ፋብሪካዬ አይገባም።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ልጄ እኮ ምን?» አላት በለሆሳስ።

የባሏ እህት በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሬዲዮው የፀጉር ቅባት ያስተዋውቃል።

«ልጄ እኮ» አለች እናትየው፣ «ሰው ትወድ ነበር።» «ነበር» ማለቷን ከገዛ አፏ ሰማችው። ሰውዬው ግን ገና እየጠበቃት ነው፤ ይቅርታውን ሳትሰጠው አይሄድላትም። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። እጇን ይዞ ሳመው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ሰርቪሱ ከሄደ በኋላ የባሏ እህት የወደቀውን የሌሊት ልብስ አንስታ እንደገና አለቀለቀችና አሰጣችው። እናትየው ገላዋን ሳትታጠብ ልብስ ቀየረች፣ መሳቢያውን ከፍታ ካልሲ አነሳች፣ ቦርሳዋን ያዘች። በሩ ላይ ስትደርስ፣ «ለእኔ ያልነገረኝን ለአንቺ ነገረሽ» አለች፣ ዞር ሳትል። እትዬዋ ድንቹን መላጥ ቀጥላ፣ «አንቺማ እናት ነሽ፤ ማን ደፍሮ ይነግርሻል?» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ ለቀቁላት። ዓይኗ አብጦ ነበርና አንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ብላ ስትጠይቃት ከመውረጃዋ ቀድማ ወርዳ ቀሪውን በእግሯ ሮጠች። ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ መድኃኒትና በረኪና የሚሸተውን የልጆች ክፍል በር እስክታልፍ ድረስ ልቧ አላመነም። አልጋው ላይ ፀጉር የሌለው የአለቃ ጭንቅላት አለ። ይንቀሳቀሳል። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ በሜትሩ የአሻንጉሊቷን እግር እየለካላት ነበር።

«መጥተው ነበር» አለችው።

ሜትሩ ከእጁ ተፈትልኮ ተጠቀለለ። እነማን ብሎ አልጠየቀም። «ምን አልሻቸው?» አለ።

ከሁሉም ይህ ነው ያስደነገጣት። ደህና ነሽ ወይ አላላትም፤ እንዴት ሆንሽ አላላትም። «አለቀስኩላቸው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ላደርግ ኖሯል? ቀጥ ብለው መጥተው መርዶ ሲነግሩኝ ሞታለች ብዬ ነው የጮህኩት! አንድ ሚሊሜትር የማትዋሸው ሰውዬ፣ አንድ ሙሉ ልጅ ትዋሻለህ?»

«ታማለች ስላቸው አይዞህ አሉኝ። ከዓመት በላይ አይዞህ አሉኝ። ሞተች ስላቸው ሦስት ቀን ሰጡኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስናገረው በስልክ ነበር። ሌላ ሰው የሚናገር ነው የመሰለኝ። ለአንቺ ብነግርሽ እንቢ ትይኛለሽ።»

«አዎ እላለሁ!»

«እና ዛሬ ማን ይያዛት?»

እናትየው ቦርሳዋን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች አለቃ። «ካልሲዬስ?» እናትየው ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ አየችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ተነፈሰች። «ቀይ። ቀዩን እንዳታመጪ አላልኩሽም? አባዬ፣ አላልኳትም?» እናትየው አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የልጅቷን ባዶ እግር ጉንጯ ላይ አደረገች። ይሞቃል። «ብለሽኛል፣ የኔ አለቃ። ተቆጪኝ። በደንብ አድርገሽ ተቆጪኝ።» ልጅቷም አልሰነፈችም፤ ነርሷ የጋሪ አልጋውን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ተቆጣቻት።

ወደ መርፌው ክፍል የሚገባው አንድ ወላጅ ብቻ ነው። እናትየው ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። የብረት ዕቃ ኳ አለ። ሐኪሙ የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ የባሏ ድምፅ፣ ያ በስልክ ሞታለች ያለው ድምፅ፣ «አንድ ሚሊ… ሁለት… ትንሽ ነው የቀረው» ሲል፣ ቀጥሎም የልጅቷ ትንሽ ድምፅ፣ «ሦስት፣ አባዬ፣ አትዝለል» ስትል ሰማች። ጩኸት አልነበረም። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጋው። ባሏ ሲወጣ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ፤ እሷም አልተነሳች፣ እሱም አልነካት።

«እስከ መቼ ነው ፈቃድህ?» አለችው በመጨረሻ።

«እስከ ነገ። አርብ እገባለሁ።»

እናትየው ፊቱን አየችው። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ተላጭቶ ነበር፤ አለቃ ጺምህ ይወጋኛል ስላለችው። «ከዛሬ በኋላ አትላጭ» አለችው። «አርብ ጺምህን አሳድገህ ግባ። ሰው ያስተውላል።» ከተናገረች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ይህን ያለችው እሷ መሆኗን ማመን አቃታት።

አለቃ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ኖረች። ወደ ቤት ተመለሰች፣ ፀጉሯም ትንሽ በቀለ፣ ቤቱንም እንደ ድሮው አስተዳደረች። ወደ ፋብሪካው አካባቢ ግን አንድም ቀን አልወሰዷትም፤ ሰርቪሱ በመንገድ ሲያልፍ እናትየው የልጅቷን ፊት ወደ ደረቷ ትስበው ነበር። የሞተችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ ነው። እሁድ ተቀበረች። ጎረቤትና ዘመድ ነበር፤ ከፋብሪካው ማንም አልነበረም። ሰኞ አባትየው በፈረቃው ሰዓት ገብቶ የስፖንጅ መቁረጫውን አስነሳ። የስፌት ክፍሏ ሴትዮ ዓይኑ ለምን እንደቀላ ስትጠይቀው ጉንፋን ይዞኛል አላት።